ሄርለን፤ ከከሰሉ በኋላ የቀረችው ከተማ

ሆላንድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሜዳውን፣ ቦዩን፣ የነፋስ ወፍጮውንና የወተት ላሙን ነው። ነገር ግን በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ በጀርመንና በቤልጅግ መካከል በተሸጎጠው የሊምቡርግ አውራጃ፣ ሕዝቡ ከመሬት በታች በብዙ መቶ ሜትር ጥልቀት ከሰል ሲቆፍር ኖሯል። እኛም ስለዚህ ሥራ ዋና ከተማ ስለ ሄርለን ጥቂት ለመግለጽ እንሞክራለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

ሄርለን የትናንት ከተማ አይደለችም። ሮማውያን ኮሪዮቫሉም ይሏት ነበር፤ ሁለት ታላላቅ መንገዶች የሚተላለፉባት ስፍራ ነበረች። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ዘመን የገበሬ መንደር ሆና ቆየች። በጎረቤቷ በኬርክራደ ከሰል መቆፈር የቆየ ሥራ ቢሆንም፣ በሄርለን ግን ከከሰሉ በላይ ውሃ ያዘለ አሸዋ ተነጥፎ ስለ ነበር ጉድጓዱ እየተናደ አስቸገረ። ይህን መከራ በብልሃት ያሸነፈው ሆኒግማን የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። በ1896 የባቡር ሐዲድ ገባ፤ በ1899 ኦራንየ ናሳው የተባለው ማዕድን ከሰል ማውጣት ጀመረ። በ1902 ደግሞ መንግሥት ሀብቱ በውጭ አገር ባለ ገንዘቦች እጅ እንዳይቀር በማለት የራሱን የማዕድን ድርጅት አቋቋመ።

ከዚህ በኋላ ከጀርመን፣ ከፖላንድ፣ ከስሎቬንያና ከኢጣልያ ሠራተኛ ጎረፈ። የካቶሊክ ካህን የነበሩት ፑልስ፣ ሠራተኛው በመጠጥ ቤትና በጠባብ ማደሪያ እንዳይበላሽ፣ የአትክልት ቦታ ያላቸው የመኖሪያ ሰፈሮች እንዲሠሩ ደከሙ። በ1935 ፐትስ የተባለው አርክቴክት በመስተዋት የተሸፈነ ታላቅ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ሠራ፤ እስከ ዛሬም የከተማዋ ኩራት ነው።

ይሁን እንጂ ከተማዋ የቆመችው በአንድ እግር ነበር። ርካሽ ዘይትና የውጭ አገር ከሰል ገበያውን ወረሩት። በ1959 ደግሞ በሰሜኑ በግሮኒንገን ታላቅ የጋዝ ክምችት ተገኘ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1965 የኤኮኖሚ ሚኒስትሩ ዮፕ ዴን ኧይል ራሳቸው ወደ ሄርለን መጥተው፣ በከተማዋ ቴአትር ቤት ውስጥ ማዕድኑ ቀስ በቀስ እንደሚዘጋ አስታወቁ። ምትክ ሥራ እንደሚመጣም ቃል ተገባ። በ1974 መጨረሻ የመጨረሻው ማዕድን ተዘጋ። 135 ሜትር የነበረው፣ ሕዝቡ «ረጅሙ ያን» የሚለው የጭስ ማውጫም በ1976 ፈረሰ።

ቃሉ ፈጽሞ ባዶ ነበር አንልም። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤትና የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ወደ ከተማዋ መጡ፤ በ1984ም የርቀት ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ግን ዕድሜውን በጨለማ ውስጥ ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ሰው በአንድ ጀንበር ጸሐፊ ይሆናልን? ብዙዎቹ በጡረታ አበል ቤታቸው ዋሉ፤ ሥራ ያጣ ወጣት በዛ፤ ኋላም ሄሮይን የባቡር ጣቢያውን አካባቢ አበላሸው። «ከጥቁር ወደ አረንጓዴ» በሚል መፈክር የማዕድኑ ሕንፃ ተጠራርጎ ሲነሣ፣ የሠራተኛው መታሰቢያ አብሮ ተነሣ።

እኛ መዘጋቱ ስሕተት ነበር ለማለት አይደለም፤ የከሰሉ አቧራ የስንቱን ሳንባ እንደ በላ የታወቀ ነው። የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ አገር በሙሉ በሞቀበት ከሰል ዕዳውን የከፈለው ማን ነው? መልሱ የቆፈረው ሰውና ልጁ ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ፓምፑ ከቆመ በኋላ ባዶው ዋሻ በውሃ ተሞላ፤ ውሃውንም የምድር ሙቀት አሞቀው። ከ2008 ጀምሮ ሄርለን ይህን ውሃ እየሳበች ቤቶችንና መሥሪያ ቤቶችን ታሞቅበታለች። አያቶች የቆፈሩት ጉድጓድ ለልጅ ልጆች ምድጃ ሆነ።

አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ነገ የከተማና የፋብሪካ ፕላን የምናወጣ ተማሪዎች ሁሉ፣ ሁለተኛው ባላ የሚተከለው የመጀመሪያው ከመነቀሉ በፊት መሆኑን ከሄርለን እንማር።