ጥቅምት ሲገባ አንድ ባልዲ አፈር ለምኚ

አገር ቤት ጎመን የሚዘራው ዝናቡን ተከትሎ ነው። ሰማዩ ያጠጣል፣ የአንቺ ድርሻ ማረምና መቅጠፍ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ሁሉ ተገላቢጦሽ ነው። ይህን የተማርኩት በኮንትራቴ የመጀመሪያ ዓመት ነው። በሐምሌ በረንዳ ላይ የዘራሁት ጎመን በአራተኛው ቀን ሁለት ሁለት ቅጠል አወጣ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሥራ ጨርሼ ሳየው እንደ ሻይ ቅጠል ደርቋል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለጎመኑ ብቻ እንዳልነበረ አንቺ ታውቂዋለሽ።

የባሕረ ሰላጤው የዘር ወቅት የሚጀምረው ሙቀቱ ሰበር ሲል፣ በጥቅምት ነው። እስከ መጋቢት ድረስ ይዘልቃል። በጥቅምት መጀመሪያ የዘራሽው ቅጠል በታኅሣሥ ይቀጠፋል። የገና ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ጾሙ ሳያልቅ ይደርስልሻል። ሙስሊም ከሆንሽም በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የሚውለው በዚሁ ቀዝቃዛ ወቅት ነው፤ ለፍጥር ሾርባ የምትበትኚው ድንብላል ከራስሽ ባልዲ ሊወጣ ይችላል።

መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቂ። ሳይጠየቅ ጣሪያ ላይ የወጣ ባልዲ አንድ ቀን ከቆሻሻ ጋር ይወጣል፤ ደርሶብኛል። ጥያቄውን «ለራሴ አትክልት ልትከል» ብለሽ አትጀምሪው። «ማዳም፣ ለቤቱ ናና እና ኩዝበራ ልትከል?» ብትያት ይቀላል። ለሻይ የሚሆን ትኩስ ናና የሚጠላ ቤት አላየሁም። አንዱ ባልዲ ለቤቱ ሲሆን ሁለተኛው ላንቺ ይሆናል።

ማሰሮ መግዛት አያስፈልግም። ባዶ የዘይት ጀሪካን አፉን ቆርጠሽ፣ የሩዝ ከረጢት ወይም የተሰነጠቀ ባልዲ ይበቃል። ዋናው ነገር ከሥሩ አምስት ስድስት ቦታ መበሳት ነው፤ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ ሥሩ ይበሰብሳል። የግቢው አሸዋ ብቻውን ውሃ አይዝም። ከችግኝ መሸጫ አንድ ከረጢት አፈር ግዢና ከአሸዋው ጋር እኩል በኩል ደባልቂው። የቡና አተላና የሽንኩርት ልጣጭ ቀብረሽበት አንድ ሁለት ሳምንት ብታቆዪው ደግሞ ይወፍራል። ሥጋና የበሰለ ምግብ አትጨምሪበት፤ ሽታውና በረሮው ባልዲሽን ያስጥልብሻል። ውሃ ማጠጣት ማለዳ ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። ሩዝና ምስር ያጠብሽበትን ውሃ፣ ጨው ካልነካው፣ ወደዚያው ድፊው።

ዘሩን ከየት ታመጫለሽ? ከመደርደሪያው። ያልተቆላ አብሽ፣ እነሱ ሑልባ የሚሉት፣ አንድ እፍኝ በትነሽ ስስ አፈር ብታለብሺው በሦስት በአምስት ቀን ይበቅላል፤ በወሩ ገደማ ቅጠሉ ይቆረጣል። ድንብላሉን በእጅሽ መዳፍ አሸት አሸት አድርገሽ ለሁለት ክፈይው። እሱ ሰነፍ ነው፣ ለመብቀል ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ሞተ ብለሽ አትገልብጪው። ጫፉ የጎነቆለ ነጭ ሽንኩርት ካገኘሽ ሹል ጎኑን ወደ ላይ አድርገሽ ቅበሪውና አረንጓዴ ቅጠሉን እየቆረጥሽ ወጥ ላይ ጣይው። የጎመን ዘር ከአገር ቤት በሻንጣ ለማምጣት አትሞክሪ፤ ዘር ያለ ምስክር ወረቀት አይገባም፣ ጉምሩክ ላይ መንገላታት ነው። ኬል የሚባለው ዘር እዚሁ ችግኝ መሸጫ ይገኛል፤ ከኛ ጎመን ብዙ አይርቅም። በሶብላ ካማረሽ ሪሃን ግዢ፣ የቅርብ ዘመዱ ነው። ጤና አዳምም ሰዛብ በሚለው ስሙ ብትጠይቂ ልታገኚው ትችያለሽ። ነፍሰ ጡር የሆነች ግን አትጠጣው፤ ጭማቂው ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘውም ያቃጥላል።

የአብሹ ቅጠል ሲደርስ ምን ይሠራበታል? እኛ አገር ፍሬውን እንጂ ቅጠሉን ብዙ አንበላም። እኔ የተማርኩት ከጎረቤት ቤት ከምትሠራ ሕንዳዊት ነው። እነሱ ሜቲ ይሉታል፤ ከድንች ጋር ያበስሉታል። እኔ ድንች አልጫ ልክ ሊወጣ ሲል ሁለት እፍኝ ቀነጣጥቤ እጨምርበታለሁ። ትንሽ መረር ይላል፤ ምሬቱ ግን ከእርዱና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ይስማማል። ለጾም ቀን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

እንጀራውንም ወቅቱ ይነካዋል። በበጋ ማታ የተቦካው ሊጥ ጠዋት ኮምጥጦ ይጠብቅሻል። በቅዝቃዜው ወቅት ግን እርሾው ይተኛል፤ ሁለትና ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል። ዕቃውን በፎጣ ጠቅልለሽ ከምድጃው አጠገብ አሳድሪው። ጤፍ ሲወደድብሽ የሩዝ ዱቄት ብትቀላቅዪበት ማንም አይፈርድብሽም፤ ዓይኑ ይወጣል፣ የሚከፋው ሲያድር መድረቁ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ቅቤው ልንገርሽ። በነበርኩበት ቤት የማዳሟ እናት ይኖሩ ነበር። ለማንም ፈገግ የማይሉ ሴት ናቸው። የኔን በርበሬ ሽታ ስለማይወዱ ወጥ የምሠራው መስኮት ከፍቼ፣ እንደ ሌባ እየተጣደፍኩ ነበር። አንድ ዓርብ ቤቱ ባዶ መስሎኝ ቅቤ በአብሽ፣ በእርድና በኮረሪማ ጥጄ ሳነጥር ከደረጃው ላይ የእግራቸው ኮቴ መጣ። እሳቱን አጠፋሁት። እሳቸው ግን ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለው አሸተቱና «ሰምን!» አሉ። ለካ በኤምሬትስም የድሮ እናቶች ቅቤ የሚያነጥሩት በሑልባና በእርድ ኖሯል። ትኩስ ዳቦ አስመጥተው አጥቅሰው በሉ፣ ለእኔም ቆርሰው ሰጡኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የታችኛው መደርደሪያ አንድ ጥግ የኔ ሆነ። ባልዲዬንም ጣሪያ ላይ ያስወጡልኝ እሳቸው ናቸው። በርበሬውን ግን እስከ መጨረሻው አልወደዱትም።

ስለዚህ ቅመም ቤት መሄድ ለኔ ዘመድ ጥየቃ ነው። ዱባይ ያለሽ ከቡር ዱባይ በአብራ፣ በአንድ ድርሃም፣ ወደ ዴይራ ተሻግረሽ የቅመም ገበያውን ዙሪው። ስሙን ስትሰሚ ግማሹን ታውቂዋለሽ፦ ከሙን ያው ከሙን፣ ዝንጅብል ያው ዘንጀቢል፣ ቅርንፉድ ያው ቁሩንፉል ነው። ሄል ኮረሪማን አይተካም፣ ለቡና ግን ይሆናል፤ ለዚህም ነው የእነሱ ጋህዋ ከእሱ የማይለየው። የተፈጨ አትግዢ። ሙሉውን ፍሬ ገዝተሽ ቤት ብትወቅጪው ሽታውም ይቆያል፣ ከላይ እንዳልኩሽም አንዳንዱ ይዘራል።

ሙሉ ቀን ካገኘሽ ደግሞ አል ዐይን ሂጂ። ከጉበይባ ጣቢያ አውቶቡስ አለ፤ ኖል ካርድሽን ሙዪና መታወቂያሽን ያዢ፣ መንገዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የከተማው ኦአሲስ ከ147,000 በላይ የተምር ዛፍ ያለበት ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የአል ዐይን ቦታዎች አንዱ ነው። ከተምሩ ጥላ ሥር ማንጎ፣ ሙዝና ብርቱካን ይበቅላል። ፈለጅ የሚባለው ቦይ ከሩቅ ውሃ አምጥቶ በየአትክልቱ ያከፋፍላል፤ ድሮ ውሃው ለእያንዳንዱ ሰው በሰዓት ተለክቶ፣ በተራ ነበር የሚለቀቀው። በመስኖ አገር ያደግሽ ከሆነ የውሃ አባቱን፣ ቦዩን በአፈር ደፍኖ ወደ ጎረቤት ማሳ የሚመልሰውን ሰው ታስታውሺያለሽ። እኔ እዚያ ቦይ ዳር እግሬን አንጠልጥዬ ከቤት የያዝኩትን እንጀራ ፍርፍር በላሁ። ከዚያ በፊት በዚህ አገር ምሳዬን ተቀምጬ፣ ማንም ሳይጠራኝ የጨረስኩበትን ቀን አላስታውስም።

«እረፍት የት አለኝና?» የምትይ እንዳለሽ አውቃለሁ። በኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ደመወዝ የማይቀነስበት እረፍት ሰጥቶሻል። በዚያ ቀን ብትሠሪ ምትክ ቀን ወይም ክፍያ ይገባሻል። የኳታር የ2017 ሕግና የኩዌት የ2015 ሕግም የሳምንት እረፍትን ይደነግጋሉ። ሁሉም ቤት እንደማያከብረው አንቺም እኔም እናውቃለን። ቢሆንም ስትጠይቂ የሕጉን ዓመት ጠርተሽ መጠየቅ ሌላ ነው። ቀኑ እስኪገኝ ድረስ ባልዲው ጣሪያ ላይ አለ።

ዛሬ ማታ ምስር ስታጥቢ ውሃውን አትድፊው። ከመደርደሪያው አንድ እፍኝ አብሽ ቆንጥረሽ እዚያው ውስጥ ዘፍዝፊው፤ ጠዋት ማዳም ሳትነሳ አፈር ታለብሺዋለሽ።