በቦሌ በኩል የሚያልፈውን እንግዳ የት እናብላው?

በቤተሰብ ገጽ ላይ ስለ ቤት ገበታ መነጋገር የተለመደ ነው፤ ዛሬ ግን ከቤት ውጭ ስለሚበላው እህል ጥቂት ልናመለክት እንወዳለን። የአውሮፕላን ጣቢያው በ1950ዎቹ ዓመታት ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረ ወዲህ እንግዳ የሚቀበለውና የሚሸኘው ሁሉ መንገዱ በከተማው ምሥራቅ በኩል ሆኗልና፥ ዘመዱን በዚያ ሰፈር ሳያበላ የሚያሳልፍ ቤተሰብ ጥቂት ነው።

በአገራችን ለእህል ዋጋ መቀበልም መክፈልም ነውር ሆኖ ብዙ ዘመን ኖሯል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ባቋቋሙ ጊዜ ደንበኛ ስለ ጠፋ፥ ዳግማዊ ምኒልክ መኳንንታቸውን አስከትለው ሄደው፥ በልተው ዋጋውን ከፍለው አሳዩ እየተባለ ይነገራል። ዛሬ መክፈሉን ሁላችንም ለምደነዋል፤ ያልለመድነው መምረጡን ነው። ይህንንም ያወቅነው በራሳችን ላይ በደረሰ ነገር ነው።

በ2014 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም አጎታችን ለሕክምና ወደ ህንድ አገር ለመሄድ ከደብረ ማርቆስ መጡ። ሕመሙ ከእህል ለይቷቸው ነበርና ሰውነታቸው እጅግ ከስቶ አገኘናቸው። የንስሐ አባታቸው ለበሽተኛ ጾም የለበትም ቢሏቸውም እሺ አላሉም፤ ከቅዳሴ በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ብቻ ይቀምሱ ነበር። እኛም አክብሮታችንን ለመግለጽ ብለን መብራቱ ወደ በዛ፥ አሳላፊዎቹ ጓንት ወዳጠለቁበት አንድ ትልቅ ምግብ ቤት ወሰድናቸው። የምግቡ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ስለ ነበረ እያነበብን ተረጐምንላቸው። የጾም ምግብ ብንጠይቅ ቀዝቃዛ ሰላጣና ዘይት የበዛበት ፓስታ ቀረበ፤ የሙዚቃው ጩኸትም ጆሮ የሚያደነቁር ነበር። አጎታችን ሁለት ጊዜ ቀምሰው እጃቸውን ሰበሰቡና፥ «ደግ ነው ልጆቼ፤ ጠግቤአለሁ» አሉ። ይህ ቃል በእሳቸው አፍ ምን ማለት እንደ ሆነ እናውቃለንና አፈርን።

በማግስቱ የተከራየነው መኪና ነጂ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ፥ «አባባ፥ ካልተቀየሙ እኛ ነጂዎች ከምንበላበት ቤት ልውሰድዎ» አላቸው። ቤቱ ከቦሌ ወደ መገናኛ ከሚወስደው መንገድ ጥቂት ገባ ያለ፥ ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ የሆነ፥ ስድስት ዱካ ብቻ የሚይዝ ነበር። ባለቤቲቱ አስቀድማ ውሃና ሳሙና ይዛ መጥታ አስታጠበቻቸው። ቀጥላም በሠርገኛ ጤፍ እንጀራ ላይ ምስሩን፥ ክኩን፥ አዚፋውንና ጎመኑን አቀረበች፤ ሽሮው በሸክላ ድስት እንደ ተንተከተከ መጣ፤ የሱፍ ፍትፍትም ለብቻው በሳሕን ተጨመረ። አጎታችን ፍትፍቱን በቀመሱ ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም ጨመር እንዲደረግላቸው ለመኑ። ከታመሙ ወዲህ አንድ ሙሉ እንጀራ ሲጨርሱ ያየነው የዚያን ዕለት ነው። ሴትዮዋ፥ «አባባ፥ ጎመኑን ምነው ተዉት?» ብትላቸው፥ «ልጄ፥ ጎመኑን በክፉ ቀን በልቼ ጨርሼዋለሁ» ብለው አሳቋት።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቤት ስንፈልግ ማስታወቂያውን ትተን ነጂውንና ዘበኛውን እንጠይቃለን፤ እነርሱ በየቀኑ ከራሳቸው ኪስ ከፍለው የሚበሉ ናቸውና። ረቡዕና ዓርብ በምሳ ሰዓት ቤቱ መሙላቱን እናያለን፤ እንጀራው ሲጠቀለል የሚሰነጠቅ ከሆነ ግን ወጡን ሳንጠብቅ እንመለሳለን። (በዚህ ምክንያት ተራ አስከባሪ መስለን የታየንበት ቀን አለ።)

ይህን ስንል ታላላቆቹን ቤቶች ለመንቀፍ አይደለም፤ እንግዳው ማን እንደ ሆነ አይቶ መምረጥ ይገባል ለማለት ነው። የውጭ አገር ሰው የያዘ በቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ወዳለው ወደ ዮድ አቢሲኒያ ቢወስደው፥ የየብሔረሰቡን ዘፈንና ጭፈራ ከእራቱ ጋር በአንድ ምሽት ያሳየዋል፤ ሽማግሌ የያዘ ግን ከመድረኩ ርቆ ይቀመጥ። አውሮፕላን ለመቀየር ጥቂት ሰዓት ብቻ ያለው መንገደኛ፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2011 ዓ.ም. በ373 ክፍሎች የከፈተው ስካይላይት ሆቴል ከጣቢያው አጠገብ ነውና በዚያ የቻይናውን ወጥ ቤት ጭምር ያገኛል።

ክትፎ ለሚወድ ሰው ገርጂ ያለው ቶቶት ስሙ የታወቀ ነው። የጉራጌ እመቤቶች ያስተማሩን ይህ ምግብ ሥጋው ጅማት ሳይቀርበት ተለቅሞ መከተፍ አለበት፤ ንጥር ቅቤው በኮረሪማ የሸተተ፥ ሚጥሚጣው የተመጠነ፥ አይቤውና ጎመኑ ከቆጮ ጋር የቀረበ ሲሆን ነው ክትፎ የሚባለው። ጥሬውን የሚፈራ ለብለብ ቢያዝ አያሳፍርም።

በቦሌ ሚካኤል ደግሞ የሶማሌ ምግብ ቤቶች ብዙ ናቸው። በጅጅጋ ያገለገለ ሹም፥ ቅመም የገባበትን ሩዝ ከፍየል ወይም ከግመል ሥጋ ጋር በትልቅ ሳሕን ሲያይ ወዲያው ያስታውሰዋል። ከጎኑ የሚቀርበው ሙዝ ከሩዙ ጋር አብሮ የሚጐረስ ነው፤ እኛ ባለማወቅ ለመጨረሻ አስቀምጠነው አሳላፊው ሳቀብን።

አጎታችን በ2016 ዓ.ም. ለሁለተኛ ምርመራ ሲመጡ ገና ከአውሮፕላን እንደ ወረዱ፥ «ያቺ ልጅ አለች?» ብለው ጠየቁን። ብንሄድ ከቦሌ እስከ መገናኛ መንገዱ በኮሪደር ልማት እየታደሰ ስለ ነበረ የቆርቆሮው ቤት አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ ጠየቅን። በመጨረሻ መኪና የሚጠብቅ አንድ ልጅ ወደ ሰሚት መዛወሯን ነግሮን፥ ከአንድ አዲስ ሕንፃ ጀርባ አገኘናት። ከበሩ ላይ ሆና፥ «ጎመን የማይበሉት አባባ!» ብላ ጮኸች። ቀኑ የፍስክ ነበርና ዶሮ ወጥ ተሠርቶ ነበር፤ እሳቸው ግን የሱፍ ፍትፍት አዘዙ፤ እርሷም ሱፉን ቆልታ እስክትወቅጥ ድረስ ቡና እየጠጡ ጠበቁ። በልተን ስናበቃ ሒሳቡን ልንከፍል ብንነሣ፥ አጎታችን ቀድመውን ከፍለው ኖሯል።