መምህር ዝም ስላለ ተማሪ በራሱ ተማረ ማለት አይደለም

ሰሞኑን በመምህራን ግሩፖች የሚዘዋወር ጽሑፍ አለ፤ ገለጻ ጊዜው አልፎበታል፣ ጎበዝ መምህር ጥግ ቆሞ የሚያወያይ ነው ይላል። ዛሬ ደግሞ እዚሁ መንዝ ውስጥ አንድ ባልደረባዬ የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ሰሌዳ ላይ ጥንቅቅ አድርጎ ስላስረዳ «አሳታፊ አይደለም» ተብሎ የምልከታ ነጥብ ተቀነሰበት። ይህ ያናድዳል፤ ምክንያቶቼ እነዚህ ናቸው።

1. ጀማሪ ተማሪ ምንም የማያውቀውን ነገር በውይይት አያገኘውም። መጀመሪያ ማብራሪያና ተሠርቶ ያለቀ ምሳሌ ይፈልጋል። ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ በ2006 እ.ኤ.አ. የተከራከሩት ይህንኑ ነው።

2. ሁሉም የሚጠቅሰው የፍሪማን የ2014 እ.ኤ.አ. ጥናት እውነት ነው። 225 ጥናቶችን ሰብስቦ፣ ገለጻ ብቻ የሚሰሙት በንቃት ከሚሳተፉት ይልቅ የመውደቅ ዕድላቸው 1.5 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ግን የተጠኑት የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ደግሞስ ተማሪውን አሠሩት አለ እንጂ መምህሩ አፉን ይዝጋ የት አለ?

3. የቡድን ሥራ። አምስት አምስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይሠራል፣ አራቱ «ስሜን ጻፍልኝ» ይላሉ። ሪፖርት የሚያቀርበው ሁልጊዜ ያው ልጅ ነው። ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ መጥታ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ሳትናገር ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ከዚያ ተከታታይ ምዘና ተብሎ ለአምስቱም እኩል ማርክ ይሞላል። ማን እንዳልገባው መምህሩ በምን ይወቅ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ፈተና ላይ ግን ስም የሚጽፍልህ ጓደኛ የለም።

«በራሱ ያንብብ» ይሉናል። በምን? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ ብዙ ቦታ መጽሐፉ በፒዲኤፍ ነው የደረሰን። ስልክ የሌለው የግሼና የመርሐቤቴ የገበሬ ልጅ ምን ይክፈት?

ከላይ የሚመጣው ነገር ሁሉ እንዲህ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ተማሪ ተኮር እየተባለ ሲሰበክ ቆየ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ፕላዝማ ቴሌቪዥን መጣና ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ትምህርት ሳያቆም ሲፈስ መምህሩ ጎን ቆሞ ተመልካች ሆነ። ያኔም አሁንም መምህሩን የጠየቀው የለም።

ቅኔ ቤት ይህ የገለጻና የውይይት ጭቅጭቅ የለም። የኔታ ዘርፈው ያሳያሉ፤ ተማሪው ለብቻው ወጥቶ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ተመልሶ ይነግራቸዋል፤ ያርሙታል። ከአጭሩ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ረጅሙ መወድስ የሚደርሰው እንዲህ ነው። ማስረዳቱም በራስ መሥራቱም አለ፣ በቅደም ተከተል።

መምህራን፣ እባካችሁ መጀመሪያ በደንብ አስረዱ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው የሚሠራው ጥያቄ ስጡ፤ እየዞራችሁ ደብተሩን እዩ፤ የተሳሳተውን ሰሌዳ ላይ አርሙ። ቡድኑ ከዚያ በኋላ ይሁን።