ተጨማሪ መረጃ፦ ፌስታል የዋጠ እንስሳ

እንደ ውጫሌ ባሉ የመንገድ ዳር ከተሞች በጎችና ከብቶች ሲግጡ የተጣለ ፌስታልና ገመድ ይውጣሉ፤ ጨው ያጣ እንስሳ ደግሞ ይብስበታል። ፌስታል በጨጓራ ውስጥ አይፈጭም፤ እየተጠቀለለ ይከማቻል። ምልክቱ ቀስ ብሎ ይመጣል፦ እንስሳው ማመስኳት ይቀንሳል፣ ግራ ጎኑ ይነፋል፣ ይከሳል። ሚስማርና ሽቦ ይበልጥ አስጊ ናቸው፤ የሆድ ዕቃውን ግድግዳ በስተው ልብ ድረስ ሊዘልቁ ይችላሉ። ከአፍ የሚታይን ገመድ በኃይል መጎተት ወይም ጉሮሮ ውስጥ እንጨት መስደድ ጉዳቱን ያባብሳል። እንስሳው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይወሰድ፤ ሐኪሙ ካስፈለገ ግራ ጎኑን ቀዶ የዋጠውን ያወጣል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች ለሆኑ ፌስታሎች የማምረቻም ሆነ የማስገቢያ ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር።