የምርጫ ገንዘብ በገሃድ ይመርመር

በምርጫ ሰሞን ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ የሚወርድ መንገደኛ፣ በየግድግዳው የተለጠፈውን የዕጩ ምስል አይቶ፣ የድምፅ ማጉያውንም ጩኸት ሰምቶ፣ የወረቀቱንና የቤንዚኑን ዋጋ ማን እንደ ከፈለ መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ጥያቄ ከሐሜት የሚቆጠር አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 የፖለቲካ ፓርቲዎች ከውጭ አገር ዜጋና መንግሥት፣ እንዲሁም ምንጩ ካልታወቀ ሰጪ ስጦታ እንዳይቀበሉ ከልክሎ፣ ሒሳባቸውን አስመርምረው ለብሔራዊ ምርጫ ቦርድ እንዲያቀርቡ ያዛልና። የእድር ገንዘብ ያዥ እንኳ ለአሥር ብር ደረሰኝ ሲቆርጥ፣ አገር ሊመራ የተነሣ ማኅበር ስም ያልተጻፈበትን ፖስታ በኅቡእ ሊቀበል ከቶ አይገባውም። እኔ እንደማምነው ግን ለቦርዱ ቀርቦ በመዝገብ ቤት የሚቀመጥ ሒሳብ ለመራጩ አይበቃውም፤ ድምፁን ከመስጠቱ አስቀድሞ ትልልቆቹ ሰጪዎች በየስማቸው፣ ወጪውም በየዝርዝሩ በጋዜጣ ይውጣለት።