«አገርህ ወዴት ነው?» የሚለው የባቡር ቲኬት

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው በመንገድ ላይ «አገርህ ወዴት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ «ኢትዮጵያ» ብሎ አይመልስም። ዳባት ነው ይላል፤ ወይም ወቅን፤ ወይም ጃናሞራ። በሰሜን ግርጌ አገር ማለት እትብት የተቀበረበት ቀዬ ነው። ሰውዬው ጎንደር ከተማ ቤት ሠርቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ሃያ ዓመት ቢቀመጥም እንኳ አገሩ ያው የተወለደበት ነው።

የአውሮፓ ምድር ባቡሮችም ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ነገር ግን እትብት የተቀበረበትን ስፍራ አይሹም። እነርሱ የሚሹት የመኖሪያ ፈቃድህ የት እንደ ተሰጠ ማወቅ ነው። ወደዚያ ለትምህርት የሚሄዱ ወጣቶቻችን ከዚህ ጋር የሚተዋወቁት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ስለ ሆነ፣ ነገሩን አስቀድሞ መመርመሩ ይበጃል።

በአንድ ቲኬት ብዙ አገር የሚያዞሩት ፓሶች ሁለት ናቸው። ዩሬይል የሚባለው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1959 ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖሩ መንገደኞች ታስቦ ወጣ። ኢንተርሬይል የሚባለው ደግሞ በ1972 ዓለም አቀፉ የምድር ባቡሮች ማኅበር የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ለአውሮፓ ወጣቶች ተሰጠ። ያን ጊዜ ዕድሜው እስከ 21 ለሆነ ብቻ ነበር። ዛሬ ማንም ሰው ይገዛዋል፤ እስከ 27 ዓመት ያለው ወጣት ግን በቅናሽ ያገኘዋል። ሁለቱም ፓሶች አሁን በ33 አገሮች ይሠራሉ፤ ባቡሮቹም እነዚያው ናቸው። ልዩነቱ የሚገኘው በአንድ አንቀጽ ላይ ነው። ኢንተርሬይል የያዘ ሰው በሚኖርበት አገር ውስጥ እንደ ልቡ ሊዘዋወርበት አይችልም።

ለምሳሌ ሁለት የደባርቅ ወንድማማቾችን እናስብ። ታላቁ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው፤ ለአጭር ሥልጠና ወደ ጀርመን ሄዶ ሥልጠናው ሲያበቃ ጥቂት ቀን ተርፎታል። ታናሹ በዚያው አገር ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። የሁለቱም ፓስፖርት ኢትዮጵያዊ ነው። ታላቁ የሚኖረው ኢትዮጵያ ስለ ሆነ ዩሬይል ይገዛል፤ ታናሹ ግን በጀርመን ነዋሪ ነውና የሚገባው ኢንተርሬይል ነው። አብረው ፕራግ ደርሰው ሲመለሱ፣ በማግሥቱ ከበርሊን ወደ ሐምቡርግ፣ ከዚያም ወደ ኮሎኝ እንሂድ ቢባባሉ፣ ታላቅየው የጉዞ ቀን እስካለው ድረስ ዝም ብሎ ይሳፈራል። መንገዱን የሚያውቀው፣ ቋንቋውን የሚናገረው፣ ለታላቁ የሚያስተረጕመው ታናሽየው ወደ ቲኬት መሸጫው ሄዶ ይከፍላል።

ለደባርቅ ሰው ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳ ስታስተናግድ ኖራለች። በዚያ መግቢያ ላይ ብዙ የሚከፍለው የውጭ አገር ሰው ነው፤ ለአገሬው ይቀነስለታል። በአውሮፓ ፓስ ግን ሰፊው መብት የእንግዳው ነው።

ምክንያቱ ንግድ ነው። የጀርመን ምድር ባቡር የዘወትር ገቢው የሚመጣው በየሳምንቱ ወደ ሥራውና ወደ ዘመዱ ከሚመላለሰው ነዋሪ ነው። ይህ ነዋሪ በዕረፍት ጊዜ ቲኬት የዘወትር ጉዞውን ቢፈጽምበት ድርጅቱ ይከስራል። እንግዳው ግን ፓሱ ባይኖር ኖሮ በአውሮፕላን ወይም በመኪና ይሄድ ነበርና ከእርሱ የሚገኘው ሁሉ ትርፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኢንተርሬይል የያዘ ወጣት በገዛ አገሩ ውስጥ ግማሽ ዋጋ እየከፈለ ይሄድ ነበር። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ፓሱ በሚኖርበት አገር ሁለት ጉዞ ብቻ ይፈቅዳል፤ አንዱ ለመውጫ፣ ሌላው ለመመለሻ።

ሒሳቡን አልነቅፍም። የሚያስገርመው ሌላ ነው። በውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስ በባዕድነቱ ወረፋ የቆመው ተማሪ፣ ባቡር ጣቢያ ሲደርስ ባላገር ነህ ይባላል። ጀርመንነቱ የሚታወቅለት ገንዘብ የሚያስከፍለው በሆነበት ስፍራ ነው!

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ሁለቱን ጉዞዎች ማወቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዳቸው በአንድ የጉዞ ቀን ውስጥ መፈጸም አለባቸው። በዚያ ቀን ግን ባቡር እየለወጡ መሄድ ይቻላል። ስለዚህ ከሐምቡርግ የሚነሣ ሰው ማልዶ ተነሥቶ የጀርመንን ምድር በቁመቱ አቋርጦ ኦስትሪያ ቢገባ የመውጫ ጉዞው ጥሩ ዋጋ አወጣለት ማለት ነው። በፍራይቡርግ የሚኖር ተማሪ ግን የስዊስ ጠረፍ ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ መንገድ ላይ ነው፤ እርሱ በተራ ቲኬት ባዝል ድረስ ሄዶ ፓሱን ከዚያ ቢጀምር ይሻለዋል። የሌሊት ባቡርም መልካም ነው። ከእኩለ ሌሊት በፊት ተሳፍሮ እስኪነጋ ባቡር ያልለወጠ ሰው የሚቈጠርበት የተነሣበት ቀን ብቻ ነው። በጀርመን ውስጥ ለሚቀረው ጉዞ ደግሞ በግንቦት 2023 በ49 ዩሮ የተጀመረው ወርኃዊ ቲኬት አለ። ዋጋው በ2025 መጀመሪያ 58፣ በ2026 መጀመሪያ 63 ዩሮ ሆኗል። ፈጣኖቹን ባቡሮች አያሳፍርም፤ በየከተማው የሚቆሙትን እንጂ። ጎንደርና ደባርቅ መካከል በየመንደሩ የሚቆም መኪና የለመደ ሰው ይህ ብዙም አይከብደውም።

«ፓስፖርቴ ኢትዮጵያዊ ነውና ዩሬይል እገዛለሁ» የሚል ብልጠት አይሠራም። የሚጠየቀው መኖሪያ ነው፤ ተቈጣጣሪው ቲኬቱንና መታወቂያውን አስተያይቶ ያያል፤ ፓሱም በባለቤቱ ስም ስለ ሆነ አይተላለፍም። በፈረንሣይ፣ በኢጣሊያና በእስፓኝ ፈጣን ባቡሮች ላይ መቀመጫ ለማስያዝ ተጨማሪ ገንዘብ መከፈሉም መረሳት የለበትም።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን የቲኬቱን ካርታ እንደ ቪዛ መቍጠር ነው። ፓሱ በብሪታንያ፣ በሰርቢያና በቱርክ ይሠራል። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ ተማሪ ግን በሼንገን አገሮች ውስጥ በ180 ቀን 90 ቀን ድረስ መጐብኘት ይፈቀድለት እንጂ፣ ወደ ለንደን ለመሻገር የብሪታንያን ቪዛ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። የጠረፍ መኰንኑ «አገርህ ወዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያየው ፓስፖርቱን ነው፤ ባቡሩ ጀርመን ያለው ልጅ እዚያ ሲደርስ እንደ ገና ኢትዮጵያዊ ይሆናል።