ልጁን መኪና ቢገጨው የሆስፒታሉን ማን ይከፍላል?

ሆግቭሊት፣ ዛልምፕላት ሜትሮ ጣቢያ አካባቢ እንበል። የ9 ዓመት ልጅ ኳሱን ተከትሎ በቆሙ መኪኖች መሀል ሮጦ ይወጣል። መኪና ይገጨዋል፤ እግሩ ይሰበራል። አምቡላንስ ወደ ሶፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ይዞት ይሄዳል። እናት ከድንጋጤዋ ሳትወጣ «ጥፋቱ የልጄ ነው፣ ሹፌሩ ይከሰኛል፣ ሂሳቡም በእኔ ላይ ነው» ትላለች። በዚህ አገር ሕግ ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

መጀመሪያ ሆስፒታሉ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለመሠረታዊው የጤና መድን ወርሃዊ ክፍያም ሆነ ኤይኸን ሪሲኮ የለበትም። አምቡላንሱም፣ ኦፕራሲዮኑም በመድኑ ይሸፈናል። የተገጨው አዋቂ ከሆነ ግን በዓመት የመጀመሪያውን 385 ዩሮ (ከ2016 ወዲህ ያው ነው) ከኪሱ ያወጣል።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። የጤና መድኑ ለሆስፒታሉ ከፍሎ ዝም አይልም፤ ገንዘቡን ከአጥፊው መድን ለማስመለስ ይሞክራል። ለዚህ ነው «አደጋው በማን ምክንያት ደረሰ?» የሚል ደብዳቤ ቤት የሚመጣው። ክስ መስሏቸው መሳቢያ ውስጥ የሚከቱት አሉ። ክስ አይደለም፣ መልሱለት! እናንተም 385ቱን፣ የሆስፒታል መመላለሻውን፣ የተቀደደውን ጃኬት፣ ከሥራ የቀራችሁበትን ደመወዝ ከሹፌሩ መድን መጠየቅ ትችላላችሁ። ካልጠየቃችሁ ማንም ይዞላችሁ አይመጣም።

«ልጁ ነው እኮ ዘሎ የገባው» ለሚለው፣ የትራፊክ ሕጉ አንቀጽ 185 መልስ አለው። ባለሞተር ተሽከርካሪ እግረኛን ወይም ባለብስክሌትን ሲገጭ ኃላፊነቱ በመሠረቱ የባለመኪናው ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት (ሆኸ ራት) በ1990 እ.ኤ.አ. እንደወሰነው፣ ተጎጂው 14 ዓመት ካልሞላው፣ ሆን ብሎ ወይም ለዚያ በተጠጋ ድፍረት ካላደረገው በቀር፣ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ይካሳል። 14 የሞላው እግረኛ ደግሞ ቢያጠፋም ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ግማሹን ያገኛል። ስለዚህ መንገድ ላይ ደንግጣችሁ «ጥፋቱ የኛ ነው» ብላችሁ ወረቀት አትፈርሙ። ታርጋውን ፎቶ አንሱ፣ የምስክር ስልክ ያዙ፣ የተጎዳ ካለ 112 ደውሉ።

ሹፌሩ ቢያመልጥስ? ወይም መድን ባይኖረው? ለዚህ ዋርቦርግፎንድስ የሚባል ፈንድ አለ። ለፖሊስ ማመልከትና ሹፌሩን ለማግኘት መሞከር ግን የግድ ነው። አገር ቤትም በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ተመሳሳይ ፈንድ አለው፤ ሲወጣ ለድንገተኛ ሕክምና የፈቀደው እስከ 2,000 ብር ነበር። እዚህ ያለውን መብት ሳይጠቀሙ መቅረት ያሳዝናል።

አሁን ለናንተ፣ ልጆች። ፋትባይካችሁ ያለ ፔዳል የሚሮጥ ወይም ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲፈጥን የተነካካ ከሆነ በሕግ ብስክሌት መሆኑ ይቀራል። አንዲት አሮጊት ብትገጩ የቤተሰቡ የኃላፊነት መድን አይከፍልም። ያ ፈንድ ለአሮጊቷ ከፍሎ ገንዘቡን ካጠፋው ሰው ይጠይቃል፤ ገጪው 14 ዓመት ካልሞላው ደግሞ ኃላፊዎቹ ወላጆቹ ናቸው።

ደች የማይሆንላችሁ ወላጆች ስላክቶፈርሁልፕ በነፃ ይረዳል፤ ዩሪዲሽ ሎኬትም የሕግ ምክር በነፃ ይሰጣል። ጠበቃ ካስፈለገም፣ የሹፌሩ ኃላፊነት ሲረጋገጥ ተገቢው የጠበቃ ወጪ የሚጠየቀው ከሹፌሩ መድን ነው።